ዓሣው አልሞተም ማለት ውሃው ደህና ነው ማለት አይደለም

ጥያቄ

የ14 ዓመት ልጄ ዓሣ ማርባት ይወዳል። ሳሎናችን ውስጥ መቶ ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም አለው፤ ጉፒና ሞሊ ነው ያለው። አዲስ አበባ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ አክስቱ ከአሜሪካ ስትመጣ የውሃ ሂተር ይዛለት መጣች። እኛ ሶኬት ላይ ስለማይገባ መቀየሪያ ገዝተን ሰካነው። ልጁም “ከድሮው በጣም ፈጥኖ ያሞቃል” ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ባለፈው ሳምንት ተክሉን ሊያስተካክል እጁን ውሃው ውስጥ ሲከት ነዘረው። ጣቱ ላይ የቢላ ጭረት ነበረው፣ የተሰማውም እዚያው ላይ ነው። እኔም እጄን ከትቼ ሞከርኩ፤ ጫማ አድርጌ ነበርና ምንም አልተሰማኝም። ባለቤቴ “ኮረንቲ ቢኖረው ዓሣዎቹ ሞተው ይገኙ ነበር፤ ያቃጠለው ጭረቱ ነው” ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ከውሃው ወደ ቧንቧ ሽቦ እንድናስርና ኧርዝ እንድናደርገው፣ ማለትም ከመሬት ጋር እንድናገናኘው መከረን። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሶኬቶቹ የኧርዝ ቦታ አላቸው፤ ሽቦው ግን ይኑር አይኑር አናውቅም። ማንን ልስማ? ሂተሩን ብንነቅለውስ ዓሣዎቹ በብርድ አያልቁም ወይ?

እናት፣ ከሰሚት

መልስ

እህቴ፣ ይህን መልስ እስከ መጨረሻው ከማንበብዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ፤ ከዚያ በደረቅ እጅ የአኳሪየሙን ገመዶች ሁሉ ከሶኬት ይንቀሉ። ሂተሩን፣ ፊልተሩን፣ የአየር ፓምፑን፣ መብራቱን፣ አንዱንም አያስቀሩ። ይህን ሲያደርጉ ውሃውንም ሆነ ብረት ነገር አይንኩ። ደግሞም እርስዎም ሆኑ ባለቤትዎ “እስቲ ልሞክር” ብላችሁ ዳግም እጃችሁን እንዳትከቱ። የእርስዎ ሙከራ በሰላም ያለፈው በጫማው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ዲቫይደሩ ላይ ያለውን ማጥፊያ መጫን ለምን እንደማይበቃ ልንገርዎ፣ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነውና። አገራችን ውስጥ የምንጠቀምባቸው ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒናዎች ተገልብጠው ቢሰኩም ይገባሉ። ማጥፊያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ ነው። ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ የሚቆረጠው ኒውትራሉ (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) ይሆንና ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) እስከ ሂተሩ ሆድ ድረስ እንዳለ ይቀመጣል። መብራቷ ጠፍታለች፣ ሂተሩም ቀዝቅዟል፣ ኮረንቲው ግን አልሄደም። ስለዚህ እጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ገመዱ ከሶኬት መነቀል አለበት፤ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ። ዓሣዎቹ ደህና መሆናቸው እውነት ነው፤ ከዚያ ተነስተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን አደገኛ ነው። ኮረንቲ የሚጎዳው በአካል ውስጥ አልፎ ሲሄድ ነው፤ ለማለፍም መግቢያና መውጫ ይፈልጋል። አኳሪየሙ መስታወት ነው፣ ኮረንቲ አያሳልፍም። ውሃው በሙሉ 220 ቮልት ቢይዝ እንኳ ወደ መሬት የሚወጣበት መንገድ እስካላገኘ ድረስ ዓሣው ፌዝ ሽቦ ላይ እንዳረፈች ርግብ ነው፤ ምንም አይሰማውም። መውጫውን የሚፈጥርለት እጁን የሚከተው ሰው ነው። ልጅዎ በባዶ እግሩ ውሃ የፈሰሰበት ወለል ላይ ቆሞ ከነበረ፣ ወይም በሌላው እጁ ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት ይዞ ከነበረ፣ ኮረንቲው በጣቱ ገብቶ በዚያ በኩል ይወጣል። እጅ ለእጅ ሲሆን ደግሞ መንገዱ በደረት በኩል ነው።

ጭረቱም ቢሆን የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ደረቅና ጤነኛ ቆዳ ለኮረንቲ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ብዙ ሺህ ኦም (ኦም ኮረንቲን የመቋቋም መለኪያ ነው) ይቋቋማል። ቆዳው ሲርስ ወይም ሲቆረጥ ግን የሰውነት መቋቋም ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልትን ለ1,000 ኦም ያካፍሉት፤ 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊአምፔር ይመጣል። ሰው ነዘረኝ የሚለው ከ1 ሚሊአምፔር አካባቢ ጀምሮ ነው። 10 ገደማ ሲደርስ ጡንቻው ተኮማትሮ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። 30 ደርሶ ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ልጅዎ የደረሰው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ሂተሩ ውስጥ ስንጥቅ ኖሮ ትንሽ ሲሰፋ ወይም ልጁ በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ ሲቆም ቁጥሩ ይቀየራል። ከተነዘረ ወዲህ ደረቱን የሚያመው፣ ልቡ የሚመታበት ወይም የሚያዞረው ከሆነ ነገ ሳይሉ ሐኪም ቤት ወስደው የልብ ምርመራ ያስደርጉለት።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልግባ። ደብዳቤዎ ውስጥ ቆም ያደረገኝ ነገር ቢኖር ልጁ ደስ ያለው “ፈጥኖ ያሞቃል” ብሎ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ቤቶች ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የገዛችሁት መቀየሪያ የስፒናውን እግር ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው፤ ቮልቱን አይነካውም። ሂተር ውስጥ ያለው ሽቦ ቮልቱ ሲጨምር ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ያድጋል። 100 ዋት ተብሎ ለ120 ቮልት የተሠራ ሂተር 220 ላይ ሲሰካ ከ330 ዋት በላይ ያወጣል፤ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ፈጥኖ ማሞቁ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለው ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቶሎ ቶሎ ስለሚያጠፋው ለተወሰነ ጊዜ ጤነኛ ይመስላል፤ በዚያ መካከል ግን የሂተሩ መስታወት ከሚገባው በላይ ይግላል፣ አናቱ ላይ ያለው የጎማ መዝጊያ ይለሰልሳል፣ ውሃ ጠብ እያለ ይገባል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ሂተሩን ያውጡና ጽሑፉን በብርሃን ያንብቡት። የተጻፈው 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ዳግም እንዳይሰካ ገመዱን በመቀስ ቆርጠው ይጣሉት። የአክስቱ ስጦታ መሆኑ ያሳዝናል፣ ቢሆንም ለሌላ ሰው እንኳ አይስጡት። 220-240 ከሆነም መስታወቱ ውስጥ ጠብታ፣ ጉም ወይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩ እሱም መጣል አለበት። ሂተር አይጠገንም።

ጥፋተኛው ሂተሩ ላይሆን ይችላል። የፊልተሩ ፓምፕ ገመድ የተፋቀ ወይም በካርቶን ቴፕ የተጠቀለለ ከሆነ፣ ከክዳኑ ጋር የተያያዘው መብራት እርጥበት ገብቶት ስፒናው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከጋገረ፣ እነሱም ተጠርጣሪ ናቸው።

ጎረቤትዎ የመከሩትን ሽቦ ግን በምንም ምክንያት አያስሩ። ሰውየው ክፉ አስበው እንዳልመከሩ አውቃለሁ፤ ምክራቸው ግን በሦስት በኩል ይጎዳል። አንደኛ፣ የአሁን ሕንፃዎች ቧንቧ አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ሽቦው የትም አይደርስም። ቧንቧው ብረት ከሆነ ደግሞ ይባስ፤ ከእናንተ አኳሪየም የወጣው ኮረንቲ ሻወር የሚወስድ ጎረቤት ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ በየሱቁ የሚሸጠው ሽቦ መዳብ ነው፤ መዳብ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕን ቶሎ ይገድላል፣ ሲበዛ ዓሣውንም ይመርዛል።

ሦስተኛውን ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ የጉዳዩ ልብ እሱ ነውና። ሽቦው በትክክለኛ ኧርዝ ላይ ቢታሰር እንኳ ብቻውን አያድንም። ብዙዎቻችን “ኧርዝ ካለ ብሬከሩ ይወርዳል” ብለን እናምናለን። እስቲ እናስላው። መሬት ውስጥ የተቀበረ የኧርዝ ዘንግ ጥሩ ቢባል 20 ኦም አለው እንበል። ፌዝ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ቢገባና በዚያ ዘንግ ቢፈስ፣ 220 ሲካፈል ለ20 11 አምፔር ነው። ሶኬቶቻችሁን የሚጠብቀው ብሬከር 16 አምፔር ነው። 11 አምፔር አያወርደውም! ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ውሃው ኮረንቲ እንደያዘ ይቀመጣል፣ ማንም አያውቅም። ያውም ሽቦው ከገባ ወዲህ ኮረንቲው መውጫ ስላገኘ በውሃው ውስጥ ይጓዛል፤ እስከዚያ ድረስ ደህና የነበረው ዓሣ መጎዳት የሚጀምረው ያኔ ነው። ብሬከር የተሠራው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ነው። ሰውን የሚገድለው የአንድ አምፔር ትንሽ ክፋይ ስለሆነ ብሬከሩ አያየውም።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪሽያኖች አርሲዲ፣ አንዳንዶቹም ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ይሉታል። የሚሠራው በፌዝ የሄደውን ኮረንቲና በኒውትራል የተመለሰውን እያስተያየ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ዝም ይላል። ልዩነት ካለ ኮረንቲው በሌላ መንገድ ወጥቷል ማለት ነው፤ ምናልባት በልጅዎ እጅ። ለቤት የሚሆነው በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት የሚቆርጠው ነው፤ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል፣ ልዩነቱ ከበዛ ከዚያም በጣም ይፈጥናል። መነዘሩን አያስቀረውም፣ ልብን ከሚያቆመው ጊዜ ግን ያስቀድማል።

ይህ ዕቃ የመጣበትን መንገድ ማወቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል ሰው የያዘውን ሽቦ መልቀቅ የሚያቅተው ስንት ሚሊአምፔር ላይ እንደሆነ በፈቃደኞች ላይ ለክተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ በጣም ትንሽ ልቀት ሲያይ የሚቆርጠውን መሣሪያ ሠሩ። ዛሬ የልጁ አክስት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ያሉበት ሶኬት የምታየው ከዚያ ሥራ ነው። የእነሱ በ5 ሚሊአምፔር ገደማ ይቆርጣል፤ ከእኛው 30 ይልቅ ይጠነቀቃል። ነገር ግን እሱም ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ከዚያ አስመጥቶ እዚህ መግጠም አይቻልም።

ሶኬታችሁ የኧርዝ ሽቦ ይኑረው አይኑረው አታውቁም። ደስ የሚለው ነገር አርሲዲ ያለ ኧርዝም ይሠራል። ኧርዝ ካለና ውሃው ከእሱ ጋር ከተገናኘ፣ ሂተሩ ከተበላሸባት ቅጽበት ጀምሮ፣ ማንም ውሃውን ሳይነካ ሊቆርጥ ይችላል። ከሌለ የሚቆርጠው የመጀመሪያው ሰው ሲነካ ነው። ሁለተኛው ይከፋል፤ ምንም ከሌለው ግን እጅግ ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ፦ አርሲዲው ላይ ቲ የሚል ፊደል ያለበት መሞከሪያ ቁልፍ አለው። ቁልፉን ሲጫኑት መቁረጡ አርሲዲው ጤነኛ መሆኑን እንጂ ኧርዝ መኖሩን አያሳይም። ኧርዙን በመለኪያ ማረጋገጥ ያለበት ባለሙያ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይጥሩ። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጎራ ብለው አርሲዲ ሲገዙ ፊቱ ላይ 30 ሚሊአምፔር ወይም 0.03 አምፔር የሚል ይፈልጉ። 100 እና 300 የሚሉት ከእሳት እንጂ የተነዘረን ሰው ከሞት አያድኑም፤ ሻጩ “ይሄ ከበድ ያለ ነው፣ ይሻላል” ቢልዎ እንዳይሰሙት። ኤለዲ መብራትና የመሳሰለው ስላለ ዓይነት ኤ የሚባለው ከዓይነት ኤሲ ይመረጣል። ከተቻለ የአኳሪየሙ መስመር ለብቻው የራሱ አርሲዲ ይኑረው፤ አለዚያ አንድ ፓምፕ ሲበላሽ ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል።

ባለሙያው ሲመጣ ሦስት ነገር በግልጽ ይንገሩት። ሶኬቶቹ ላይ የኧርዝ ሽቦ መኖሩን ከፍቶ ያሳይዎ። ከሌለ የኧርዙን ቦታ ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ “አለው” እንዳይልዎ። ይህ በየቦታው ይደረጋል፣ ያስቆጣልም፤ አንድ ቀን ኒውትራሉ ከመንገድ ቢበጠስ የፍሪጁና የልብስ ማጠቢያው ብረት ሁሉ ፌዝ ይይዛል። ሦስተኛ፣ አርሲዲው ከተገጠመ በኋላ እየቆረጠ ቢያስቸግር “ይበላሻል ይሄ” ብሎ በቀጥታ እንዳያገናኘው። የሚቆርጠው ወይ የሚያፈስ ዕቃ ስላለ ነው፣ ወይ የሁለት መስመር ኒውትራል ተደባልቆ። ሁለቱም መገኘት ያለባቸው ጥፋቶች ናቸው። የሕንፃው ኧርዝ ጠፍቶ ወይም ተሰርቆ ከሆነ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ ለነዋሪዎች ማኅበር ያቅርቡት።

በጎረቤትዎ ሽቦ ፈንታ ውሃው ውስጥ ስለሚገባው የኧርዝ ዘንግ የሚያስቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለዚህ የተሠራው ከቲታኒየም ነው፤ ውሃውን አይበክልም፣ አይዝግም። እውነተኛ ኧርዝና አርሲዲ ካለዎት ጥሩ ጭማሪ ነው፤ ምክንያቱም ሂተሩ ሲሰነጠቅ ልቀቱ በዘንጉ በኩል ስለሚወጣ አርሲዲው ከእጅ በፊት ይቆርጣል። አርሲዲ ከሌለ ዘንጉን አያስገቡ።

ባለሙያው መልቲሜትር ውሃው ውስጥ ከትቶ “40 ቮልት አለው” ቢል ወዲያው አትደንግጡ። ዲጂታል መልቲሜትር በጣም ትንሽ ኮረንቲ ስለሚበቃው ከገመዶቹ ውጭ በአየር የሚተላለፈውን ጥላም ያነባል፤ ያ ቮልት ሰው ሲነካው ይጠፋል። የእናንተ ግን ሰው ተነዝሯልና ጥላ ነው ብሎ መተው አይቻልም። እጁን ሳይከት፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ንባቡ የቱ ላይ እንደሚወድቅ ይይ። አንዱ ሲነቀል ከ40 ወደ 5 ከወረደ ያ ዕቃ አይመለስም።

ከዚህ ሌላ ጥቂት ነገር ብቻ። ዲቫይደሩን ከአኳሪየሙ ሥር ወለል ላይ አያስቀምጡ፤ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉት። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፣ በገመዱ የሚወርደው ጠብታ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። የአየር ፓምፑም ከውሃው ወለል በላይ ይቀመጥ፤ እኛ ዘንድ መብራት ስለሚጠፋ በጠፋ ቁጥር ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቦታ ከሌለ የማይመልስ ቫልቭ ቱቦው ላይ ይገጠምበት፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ልጁንም አንድ ነገር ያስተምሩልኝ። ሰው ኮረንቲ ይዞት ቢያይ መጀመሪያ ብሬከሩን እንዲያወርድ፣ ሰውየውን በእጁ እንዳይጎትት። ከዚያ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል።

ስለ ዓሣዎቹ፦ አይጨነቁ። መቶ ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ጉፒና ሞሊ የሚመቻቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆንም ውሃው ቀስ ብሎ ወደ 20 ቢወርድ ለጥቂት ቀናት ይችሉታል። በኅዳርና በታኅሣሥ እንኳ ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ሳሎን ውስጥ ያን ያህል አይወርድም። ማታ ማታ አኳሪየሙን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፣ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ይተዉት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከተገኘ ይግዙለት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ይጠቅማችኋል። ፊልተሩ በቆመባቸው ቀናት ምግቡን ወደ ሩብ ያህል ይቀንሱ፤ የተረፈ ምግብ ውሃውን ያበላሻልና። ልጅዎ ሂተር የማይፈልግ ዓሣ መያዝ ከወደደ ጎልድፊሽ የአዲስ አበባን አየር ያለ ሂተር ይኖርበታል፤ ነገር ግን ስለሚያድግ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ከጉፒ ጋርም አይቀላቀል።

አዲስ ሂተር ሲገዙ 220-240 ቮልት የሚል፣ ለመቶ ሊትር 100 ዋት ይበቃል። ከነሙሉ መስታወቱ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ይሰካ። ውሃው ቀዝቅዞ ከሰነበተ ደግሞ ቴርሞስታቱን በአንድ ጊዜ 26 ላይ አያድርሱት፤ በቀን 2 ዲግሪ እየጨመሩ ያሳድጉት፣ ዓሣዎቹ ድንገተኛ ለውጥ ይጎዳቸዋል።